የዓይን ማጠቢያው ካርድ

ሐምሌ 12 ቀን 2013፣ ሰኞ

ሰኞ ነው፤ ስለዚህ ፍተሻ። የአፈር ላቦራቶሪያችንን የዓይን ማጠቢያ መግፊያ ገፋሁ። ውሃው በሁለቱም አፍ እኩል ወጣ። ሦስት ደቂቃ አፈሰስኩት፣ ጠራ። የአደጋ ሻወሩን ሰንሰለት ሳብኩ፣ ባልዲው ቶሎ ሞላ። ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለው ካርድ "ተፈትሿል፣ ይሠራል" ብዬ ፈረምኩ።

ሻወሩ ሥር ግን አሥራ አንድ ከረጢት ተደርድሮ አገኘሁ። ከግራና ቀበሌ የመጣ የሽንኩርት ማሳ አፈር። ስንቴ ልናገር? ወለሉን አረንጓዴ የቀባሁት ለጌጥ ነው እንዴ? አሲድ የፈሰሰበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እየሮጠ ሲመጣ ከረጢት ይዝለል? ብቻዬን እየጎተትኩ አወጣኋቸው። አፈሩን ያመጡት ገበሬ ለጓደኛቸው "ይቺ ልጅ ለዝናብም ታስፈርማለች" አሉ። ሳቁብኝ። ይሳቁ። ይሄን ለማስተከል አራት ዓመት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አፈር እንመርምር ብለን በየቀኑ ሰልፈሪክ አሲድ የምናፈላ ሰዎች፣ ያኔ የነበረን መከላከያ አንድ ባልዲና ዱዓ ነበር።

ከሰዓት ደግሞ ጋሽ ሙሄዲንን ያዝኳቸው። ጥበቃችን። እጅጌያቸውን ሰብስበው በዓይን ማጠቢያው ውዱእ ያደርጋሉ።

"ጋሽ ሙሄዲን፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ውዱእ ነዋ ልጄ።"

"ይሄኮ ለአደጋ ነው የተተከለው።"

"ሶላት ያለፈው ሰውስ አደጋ ላይ አይደለም?"

ከመቼ ጀምሮ ነው ብላቸው ከተተከለች ጀምሮ አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሁለቴ፣ ለዙህርና ለአስር፣ ለቀትርና ለከሰዓት ሶላት። ውሃዋ ከታች ወደ ላይ ስለምትመጣ ለወገባቸው ተስማምታቸዋለች። እግራቸውን ግን እዚያ አያጥቡም፤ በማንቆርቆሪያ ቀድተው ውጭ ነው። እሱን እንኳ ያውቃሉ። ነገ ዓረፋ ስለሆነ ብዙ አልተናገርኩም።

ሐምሌ 21፣ ረቡዕ

መንገዱ ሰው ብቻ ሆነ። ከራያ በኩል ጦርነቱን የሸሸ... ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ አሮጊት በጋሪ የሚገፋ። እናቴ በር ላይ ቆማ ውሃ ታጠጣለች።

"እኛስ?" አልኳት።

"እኛ ምን?"

መልሷ ይሄው ነው። ከመርሳ ከተማ አትወጣም። እሷ ካልወጣች እኔም አልወጣም።

ሐምሌ 27፣ ማክሰኞ

መብራት ከሄደ አራተኛ ቀኑ። ፓምፑ አይሠራም። ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ሮቶ ግማሽ ድረስ ጎድሏል። እሱ ካለቀ ማጠቢያውም ሻወሩም ባዶ ቧንቧ ናቸው።

ጋሽ ሙሄዲን ዛሬም ውዱእ ላይ ነበሩ። ተቆጣሁ። ውሃ በጠፋ ጊዜ ተየሙም፣ በአፈር ማበስ፣ መፈቀዱን ለእሳቸው እኔ ነኝ የምነግራቸው? "አፈር ሞልቶናል፣ ከየወረዳው የመጣ፣ በቁጥር የተመዘገበ" አልኳቸው። አሁን ሳስበው አፌ ትንሽ ወሰን አልፏል። እጅጌያቸውን ዘረጉ።

ላቦራቶሪው ጀርባ ሄጄ ከሮቶው የሚወርደውን መስመር ቫልቭ ዘጋሁት። እስከ መጨረሻ አጥብቄ። ከእንግዲህ ውሃው ለአደጋ ብቻ ነው። አደጋ ከደረሰ ሮጬ እከፍተዋለሁ። ከማጠቢያው እስከ ቫልቩ ስንት እርምጃ ነው? ቆጠርኩት። ሠላሳ አራት። ይቺ ምን አላት?

ነሐሴ 3፣ ሰኞ

ፍተሻ አላደረግኩም። ሦስት ደቂቃ ማፍሰስ ማለት ስንት ሊትር ነው... በዚህ ጊዜ? ባለፈው ሰኞ ሠርቷል፤ ዛሬ የማይሠራበት ምክንያት የለም። "ተፈትሿል፣ ይሠራል።" ፈረምኩ።

እጄ ትንሽ ከበደኝ። አለፈ።

ነሐሴ 5፣ ረቡዕ

አቶ ወንድሙ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ደሴ ሊወጡ ነው። አለቃዬ ናቸው፤ ሰባት ዓመት ሠርተናል። ቁልፉን ሰጡኝ። ፊቴን ማየት አልቻሉም።

"አሲዱን አደራ" አሉ። "ክፉ እጅ እንዳይገባ።"

"ይሂዱና ይመለሱ፣ ያገኙታል" አልኳቸው። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት እንጃ። ከወልድያ በኩል እየተሰማ ያለው ድምፅ መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል።

ነሐሴ 17፣ ሰኞ

ከተማው በሌላ እጅ ነው። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፣ ውሃ ከወንዝ።

ዛሬ ወጥቼ ላቦራቶሪውን አየሁ። በሩ ተሰብሯል። ጄኔሬተሩ ሄዷል፣ ኮምፒውተሮቹ ሄደዋል፣ ደህና ደህናው ብርጭቆ በካርቶን ተጭኖ ሄዷል። ጋሽ ሙሄዲን ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ታጣቂዎቹ ዱላቸውን ነጥቀው ሰብረውባቸዋል። እሳቸውን ግን አልነኳቸውም።

"ኧረ ምን ይላሉ ሲያዩኝ... 'ሽማግሌ፣ ምን ትጠብቃለህ?' አሉኝ። አፈር አልኳቸው።"

የአሲዱን ክፍል አልገቡበትም። በሩ ላይ የለጠፍኩት የራስ ቅል ሥዕል አስፈርቷቸው ይሆናል። ስድስቱም ጠርሙስ እንደቆመ ነው።

ሰኞ መሆኑ ትዝ አለኝ። ካርዱ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እስክሪብቶው በክሩ ታስሮ። እሱን ማን ይወስዳል? ፈረምኩ። ያለፈውን ሳምንትም ሞላሁት፤ ባዶ ሆኖ ሳየው አስጠላኝ።

ጳጉሜን 1፣ ሰኞ

ፈረምኩ። እናቴ "ደመወዝ የለ፣ አለቃ የለ፣ ለማን ነው የምትፈርሚው?" አለችኝ። ምን ልበላት? ሰኞ ከሆነ ይፈረማል። ሰኞን ከተውኩ ማክሰኞን የምይዝበት ምን አለኝ።

መስከረም 12 ቀን 2014፣ ረቡዕ

ሞገስ መጣ። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ያለው። ሻወሩን የገጠመልን እሱ ነው፤ ሰንሰለቱን ከአሮጌ ሲኖትራክ አውጥቶ።

እህቱ እትዬ ፀሐይ አዋላጅ ናቸው። ጤና ጣቢያው ከተዘጋ ወዲህ እናቶች የሚወልዱት እሳቸው ቤት ነው፤ በስልክ ባትሪ ብርሃን። ስልኩን የሚሞላላቸው ሞገስ ነበር፣ ጣሪያ ላይ ባለች አንዲት የፀሐይ ሰሌዳ። አሁን የመኪና ባትሪ አሰናድቶ አምፖል ሊያበራላቸው ይፈልጋል። ሰሌዳው አለ፣ ባትሪዎቹም አሉ። ግን ደርቀዋል።

"አሲድ ስጪኝ። ሁለት ሊትር ይበቃኛል።"

"የአንተ የባትሪ አሲድ ሌላ፣ የእኔ ሌላ። የእኔ ያልተበረዘ ነው፤ ሥጋ ያቀልጣል።"

"በውሃ እበርዘዋለሁ።"

"እንደ ጠላ?"

አልሰጠሁም። አደራ ነው። "ይሁን" ብሎ ሄደ። አልተቀየመም፤ አለመቀየሙ ደግሞ ይብሳል።

መስከረም 20፣ ሐሙስ

ከውርጌሳ በኩል በቃሬዛ የመጣች ሴት እትዬ ፀሐይ ቤት ሞተች። ወልዳ ደም ሲፈሳት ስልኩ ጠፋ። ኩራዝ እስኪለኮስ... የሚፈሰው ከየት እንደሆነ አላዩትም። ሕፃኗ ተርፋለች።

ለቀብር ስንሄድ እትዬ ፀሐይ እጃቸውን ሲያዩት ነበር። ወንድማቸው ከእኔ አሲድ ጠይቆ መከልከሉን ያውቃሉ። ያውቃሉ እንጂ።

ሞገስን ጠራሁት። "አርብ ና። እኔው እበርዘዋለሁ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ፣ ማጠቢያው አጠገብ። ይዘህ የምትወጣው የተበረዘውን ነው።"

"የፊታችን አርብ?"

ነገ አልኩት። ጋራዡ ስለተበረበረ ግን የተጣራ ውሃ የለውም፤ እስካገኝ ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል አለ።

ጥቅምት 5፣ አርብ

ሞገስ ዓይን ውስጥ አሲድ ገባ። መጻፍ አልችልም።

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ

ልጻፈው። እንደነበረ።

ትናንት አራት ሰዓት ላይ ጀመርን። ሙቀት የሚችሉት ብርጭቆዎች ተዘርፈዋል፤ የቀረኝ የማር ማስቀመጫ የነበረ ወፍራም ጠርሙስ ነው። ውሃ ባለው ሳፋ ውስጥ አቆምኩት። አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይገባም፤ በቀጭኑ፣ እየቆዩ። ይሄን እየነገርኩት ነበር። መከላከያ መነጽር የቀረን አንድ ነው።

"የምታፈሺው አንቺ ነሽ፤ አንቺ አድርጊው" አለ።

"አንተስ?"

"ከኋላዬ ማጠቢያው አለ አይደል?"

አለ አልኩት። ካርዱን በጣቴ አሳየሁት። ይሠራል አልኩት። እንዲህ ስል አልዋሸሁም... ይሄ ነው የሚያሳብደኝ። አምኜው ነበር። አሥር ሰኞ "ተፈትሿል፣ ይሠራል" ብዬ ስጽፍ ከርሜ የራሴን ጽሑፍ አመንኩት። ቫልቩን መዝጋቴ ከአእምሮዬ ወጥቶ ነበር።

የመጀመሪያው ደህና ወጣ። ሁለተኛው ላይ ሞገስ ሙቀቱን ሊያይ ጎንበስ አለ። ጠርሙሱ ተሰነጠቀ፤ የሳፋውም ውሃ አሲድ ሆነ። ፈነጠቀበት።

አልጮኸም። "ፈይሩዝ" አለ ብቻ። እጁን ይዤ ወሰድኩት፤ ስድስት እርምጃ ነው። ፊቱን አስጠጋሁት። መግፊያውን ገፋሁ።

ምንም።

ደግሜ ገፋሁ። እንደ ሽማግሌ ሳል የመሰለ ድምፅ አሰማ፣ አንድ ጠብታ ቀይ ዝገት ተፋ። ያኔ ነው ቫልቩ ትዝ ያለኝ።

ሮጥኩ። ሠላሳ አራት እርምጃ። መዘውሩ ደርቋል፣ አልዞር አለ። በሁለት እጄ፣ በቀሚሴ ጠቅልዬ... አልዞር አለ። ስመለስ ጋሽ ሙሄዲን ገብተዋል። ለጁምዓ ብለው ከወንዝ የቀዱትን ማንቆርቆሪያ ይዘው ሞገስ ፊት ተንበርክከዋል። "ቢስሚላህ" ብለው ማፍሰስ ጀምረዋል። ከአፍንጫው ወደ ውጭ፣ በቀስታ። ሰው ፊት ላይ ውሃ ማፍሰስ እንዲህ የሚያውቅ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ የዓይኑን ቆብ ከፍቼ ያዝኩ። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን... ግራው ላይ ሲደርሱ ማንቆርቆሪያው አለቀ።

"ሌላ ውሃ?"

"ቫልቩ ተዘግቷል። አልዞርም አለኝ።"

አዩኝ። ለምን ተዘጋ አላሉም። ከሞገስ ቦርሳ ፒንሳ አንስተው ወጡ። እስኪመለሱ ድረስ ሞገስ እጄን ጨብጦ "አሁን ይመጣል? አሁን ይመጣል?" ይላል። ውሃው መጣ፤ ግን ቀይ ነው፣ የቡና አተላ የመሰለ። ጊዜው እየሄደ ፊቱን ከውሃው አርቄ መያዝ ነበረብኝ። እሱ ወደ ውሃው ይታገላል፣ እኔ እጎትተዋለሁ። እስኪጠራ።

ከጠርሙሱ መሰንጠቅ እስከ ንጹሕ ውሃ አምስት ደቂቃ ይሆናል። የተማርኩት አሥር ሰከንድ ነው። አሥር ሰከንድ ውስጥ ውሃ ማግኘት አለበት ብዬ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት አጠብነው። ጋሽ ሙሄዲን ጁምዓ አለፋቸው።

ጥቅምት 8፣ ሰኞ

አልፈረምኩም።

ጥቅምት 11፣ ሐሙስ

እትዬ ፀሐይ ሁለቱንም ዓይኑን ሸፍነውታል። መድኃኒት የለም። የፈላ ውሃና ጨው፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሌላ ምን አላቸው።

በር ድረስ ሸኙኝ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ውሃው ወዲያው ነው የደረሰው?"

"አዎ" አልኩ።

"እግዜር ይስጥሽ" አሉኝ።

ጥቅምት 16፣ ማክሰኞ

የቀረውን አሲድ በረዝኩት። ብቻዬን። ቫልቩ ተከፍቶ፣ አስቀድሜ ውሃውን አፍስሼ አይቼ፣ ጋሽ ሙሄዲን መግፊያው ላይ መዳፋቸውን አድርገው እንደ ዘብ ቆመው። በትንሹ፣ በትንሹ። ጠርሙሱን ሳፋው ውስጥ እያቀዘቀዝኩ።

ስጨርስ አንድ ነገር ገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን ሁለቴ መስመሩን ያጠቡት እሳቸው ነበሩ። የእኔ የሰኞ ሦስት ደቂቃ ምን ነበረች? ዝገቱ የጀመረው የከለከልኳቸው ቀን ነው። ነገርኳቸው።

"እኔ ለዝገት ብዬ አላደረግኩትም ልጄ" አሉ።

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ለእኔ ምን አደረግሽ። ይቅርታ የሚጠየቀው የተበደለው ሰው ነው።" መዳፋቸውን ከመግፊያው አንስተው፦ "እኔ አልናገርም። አንቺ ግን ትናገሪያለሽ።"

ኅዳር 2፣ ሐሙስ

ጨርቁ ተፈታ። ቀኝ ዓይኑ ያያል፤ ቀልቷል፣ ያለቅሳል፣ ግን ያያል። ግራውን ነጭ ነገር ሸፍኖታል። ብርሃንና ጨለማ ይለያል፤ ሌላ የለም።

ማንቆርቆሪያው ያለቀበት ዓይን።

ሞገስ ተነስቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። "አንቺ ባትኖሪ ሁለቱም ሄዶ ነበር" አለ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ መረቁኝ። አምፖሉ በርቶ ነበር፣ በእኔ አሲድ። ሥሩ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋለች። አሁን ልናገር አልኩ... ተውኩት። በዚያ ሁሉ ምርቃት መሀል እንዴት ይባላል?

ኅዳር 20፣ ሰኞ

መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሴትዮ "ያቺ ዓይን ያዳነችው አንቺ ነሽ?" አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው።

ታኅሣሥ 11፣ ሰኞ

ታጣቂዎቹ ሄዱ። ከተማው ወጥቶ ይተቃቀፋል። ደስ ብሎኛል፤ ማን ደስ አይለውም። እናቴ አለቀሰች። እኔ ላቦራቶሪ ሄጄ ውሃ አፈሰስኩ፤ ሦስት ደቂቃ። ካርዱ ላይ ግን ሳልጽፍ ተመለስኩ። ብዕሩን ሳነሳ የቀደሙት አሥሩ ያዩኛል።

ጥር 2፣ ሰኞ

አቶ ወንድሙ ተመለሱ። ከስተዋል። ጉዳት የሚመዘግቡ ሁለት ሰዎች ከወልድያ ይዘው መጡ። ክፍል ለክፍል ዞርን፤ የለም፣ የለም፣ ተሰብሯል፣ የለም። ማጠቢያው ጋ ሲደርሱ ካርዱን አውርደው አነበቡ።

"ይሄን ተመልከቱ" አሉ ለሰዎቹ። "ከተማው በከባድ መሣሪያ ሲታረስ ይቺ ልጅ ሰኞ ሰኞ ትፈትሽ ነበር። እስከ ጥቅምት መጀመሪያ አንዲት ሰኞ አላለፈችም።"

አንደኛው ፎቶ አነሳው። ለሪፖርቱ።

"አልፈተሽኩም" አልኩ።

ፎቶ ያነሳው ሰው ቀና አለ።

"ከነሐሴ 3 ወዲህ ያለው ሁሉ ውሸት ነው። ቫልቩ ተዘግቶ ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

አቶ ወንድሙ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "ጦርነት ነበር እኮ። ማን ይጠይቅሻል? ካርዱ ለሪፖርት ነው፣ ተይው።" ለእኔ አስበው ነው፣ አውቃለሁ። እሳቸውም ጥለውን የሄዱ ሰው ናቸው፤ ይቅር መባባል ፈልገዋል መሰለኝ።

ሲሄዱ አሥሩን መስመር አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ከጎኑ "አልተፈተሸም"። አሥር ጊዜ። እጄ አልከበደኝም።

ጥር 5፣ ሐሙስ

ካርዱን ይዤ ሞገስ ጋራዥ ሄድኩ። ኮፈን ከፍቶ ቡሎን ያጠብቃል። ቁልፉን ሲያስገባ በአንድ ጣት ይስታል፤ ከዚያ በእጁ ዳብሶ ያገኘዋል። ቆሜ ሦስቴ ሲስት አየሁ።

ነገርኩት። ቫልቩን፣ ካርዱን፣ ለእህቱ ያልኩትን። ምክንያት አልጨመርኩም። ልጨምር ነበር፣ ዋጥኩት።

ካርዱን ተቀብሎ ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠጋው።

"አሥሩንም?"

"አሥሩንም።"

"እኔ ይሄን አይቼ ነው ያለ መነጽር የቆምኩት።"

"አዎ።"

"ውሃው እስኪመጣ... ያ ሁሉ ጊዜ... ዓይኔ የሄደው አሲዱ ከባድ ሆኖ ነው ብዬ ነበር።" ካርዱን መለሰልኝ። ጨርቁን አንስቶ እጁን ጠረገ፣ ረጅም ጊዜ። "አሁን ሂጂ ፈይሩዝ።"

ሄድኩ። ለእትዬ ፀሐይም በዚያው ነገርኩ። "አውቄው ነበር" አሉ። "ወዲያው የታጠበ ዓይን እንዲያ አይሆንም። እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።" ደጃቸው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አልሸኙኝም፣ አላባረሩኝም።

ጥር 23፣ ሰኞ

መብራት መጣ። ፓምፑ ሠራ፣ ሮቶው ሞላ። ጋሽ ሙሄዲንን ለመንኳቸው፤ ለዙህርም ለአስርም እንደ ድሮው በማጠቢያው እንዲያደርጉ። "ደግሞ ልትቆጪኝ ነው?" አሉ። ግን እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

ሞገስ ሰላምታዬን አይመልስም። መንገድ ሲያቋርጥ አየሁት፤ በግራው በኩል የመጣችውን ባጃጅ አላያትም፣ ነጂው ነው ያቆመው።

የካቲት 7፣ ሰኞ

ስድስት ሰዓት ላይ ልፈትሽ ስል በሩ ላይ ሰው ቆመ። ሞገስ። የመሣሪያ ቦርሳውን ይዟል።

"ቫልቩ የት ነው?"

አሳየሁት። እስከ መጨረሻ ከፈተው። ከዚያ ቡሎኑን ፈታ፣ መዘውሩን ነቀለ፣ ኪሱ ከተተው።

"ቧንቧው ሊጠገን ቢፈለግስ?" አልኩ።

"ትጠሩኛላችሁ።"

ገባን። ማጠቢያው ፊት ቆመ። እጁ ሲዘረጋ አየሁ፣ ትንሽ ወደ ኋላ አለ... ከዚያ መግፊያውን በክርኑ ገፋው። ውሃው ወጣ። ሰዓቱን እያየ ሦስት ደቂቃ ቆመ። ጠርቶ ነበር ከመጀመሪያውም፤ እሱ ግን ሦስቱን ደቂቃ አላጎደለም። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ነከረ፣ ሁለቱንም ዓይኑን ከፍቶ። ቀና ሲል ውሃው በሁለቱም ጉንጩ ይወርዳል።

"የግራው አፍ ትንሽ ይደክማል" አለ። "ማጣሪያው ይጠረግ።"

"ዛሬ እጠርገዋለሁ።"

"እኔ ነኝ የምጠርገው።" ጠረገው። ከዚያ እስክሪብቶውን ጠየቀኝ። ካርዱን ከሚስማሩ አውርዶ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ፣ ፈረመ።

"ሰኞ ሰኞ እመጣለሁ። ይቅር ስላልኩሽ አይደለም። ፊርማሽን ስለማላምነው ነው።"

"እሺ" አልኩ። እንደዚያም ሆኖ ዛሬ መጥቷል።

ጋሽ ሙሄዲን እጅጌያቸውን ሰብስበው ከኋላችን ቆመዋል። "ጨረሳችሁ? ዙህር ደርሷል" አሉ። ሞገስ ቦታ ለቀቀላቸው።

ካርዱ አሁን ሚስማሩ ላይ ነው። የዛሬው መስመር ሁለት ፊርማ አለው። የእኔ ከሥር ነው።